ድንበር የተባለው አገር፤ ጉባና የታሪክ መጻሕፍቷ

በ1956 ዓ.ም. የዩናይትድ ስቴትስ የመሬት ማልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር በመሆን በዓባይ ሸለቆ ላይ ለበርካታ ዓመታት ሲያካሂደው የቆየውን ጥናት አጠናቆ ባቀረበ ጊዜ፣ በዋናው ወንዝ ላይ ታላላቅ ግድቦች ሊሠሩባቸው ይችላሉ ያላቸውን አራት ሥፍራዎች ለይቶ አመልክቶ ነበር። እነዚህም ወንዙን ተከትሎ ለሚወርድ ሰው ካራዶቢ፣ ማቢል፣ መንዳያና ቦርደር ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ የአገር ስም ይዘዋል። አራተኛው ግን ነዋሪዎቹ በሚጠሩት ስም ሳይሆን በአጠገቡ በሚያልፈው መስመር ተሰየመ፤ ቦርደር ማለት ድንበር ነውና። ለዚህ ሥፍራ ያን ጊዜ የታሰበው ግድብ 84.5 ሜትር ከፍታና 1,400 ሜጋዋት ኃይል ያለው ነበር። ከ47 ዓመታት በኋላ፣ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ ግን በዚያው አካባቢ እስከ 145 ሜትር ከፍ ብሎ ተሠርቷል። የአገሩ ስም ጉባ ነው።

የሙያው ባልደረቦች ስለ ጉባ የሚያውቁት ጥቂት አይደለም። ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ክረምቱ ጎርፍ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ኮንክሪቱ አሞላል፣ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሚይዘው የውኃ ማጠራቀሚያ ብዙ ተብሏል፤ ብዙም ተጽፏል። ስለ አገሩ ታሪክ ሲጠየቅ ግን ከብዙዎች አፍ የሚወጣው መልስ አጭር ነው። ቆላ ነው፤ ድንበር ነው፤ ሰው የሌለበት በረሃ ነበር፤ አሁን ግድብ ተሠራበት። ይህ መልስ ከየት መጣ? መልሱ ከንቀት የመጣ ነው ማለት ቀላል ይሆናል፤ ነገር ግን አብዛኛው ሰው እንዲህ የሚለው እንዲህ ተብሎ ስለተማረ ነው። በትምህርት ቤት የተነበበው ታሪክ ከደጋ ሆኖ ወደ ታች የሚመለከት ታሪክ ነበር። ቆላው በዚያ ታሪክ ውስጥ የሚገባው ዘመቻ ሲወርድበት ብቻ ነው፤ ዘመቻው ሲያበቃ ቆላውም ከገጹ ይጠፋል።

የአፄ ሠርፀ ድንግልና የአፄ ሱስንዮስ ዜና መዋዕሎች ሠራዊቱ ወደ ምዕራቡ ቆላ እየወረደ ስላደረገው ዘመቻ ይናገራሉ። የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ዜና መዋዕልም የተጻፈው ከቤተ መንግሥቱ ሆኖ ነው። በዚህ ላይ ነቀፌታ የሚሰነዘር አይደለም። ዜና መዋዕል ጸሐፊ የንጉሡን ሥራ እንዲጽፍ የተሾመ ሰው ነውና የተሾመበትን ፈጽሟል። ችግሩ የሚጀምረው፣ ንጉሡ የሄደበትን መንገድ የሚያሳየው ጽሑፍ መንገዱ ያላለፈበትን አገር ሁሉ የሚያሳይ ካርታ ተደርጎ ሲነበብ ነው።

ወደ ምዕራብ የተመለከተ ሁሉ ከደጋ የተነሣ አልነበረም። ከ1504 እስከ 1821 እ.ኤ.አ. የቆየው የስናር የፉንጅ መንግሥት ሥልጣኑን በጥቁር ዓባይ ዳር ወደ ላይ፣ እስከ ፋዞግሊና ከዚያም አልፎ ወዳሉት ኮረብታዎች ዘርግቶ ነበር። የጉባ ገዦች ከዚያ መንግሥት ሹማምንት ጋር የዘር ትስስር እንዳላቸው ይናገሩ ነበር። ስለዚህ ጉባ ለጎንደርና ለጎጃም የመጨረሻዋ ጠረፍ በነበረችበት ዘመን ለስናርም የመጨረሻዋ ጠረፍ ነበረች። ከሁለት ወገን ጠረፍ የሆነ አገር ደግሞ ለራሱ መካከል ነው። በ1744 እ.ኤ.አ. የአፄ ዳግማዊ ኢያሱ ሠራዊት በዲንደር ወንዝ አጠገብ በስናር ጦር በተሸነፈ ጊዜ፣ ውጊያው የተካሄደው ባለቤት በሌለው በረሃ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን ጋር ሲገብር፣ ሲነግድና ሲዋጋ በኖረ ሕዝብ አካባቢ ነው።

በ1821 እ.ኤ.አ. የግብፁ ገዥ የመሐመድ ዓሊ ልጅ እስማኤል ፓሻ ስናርን ከያዘ በኋላ ወደ ፋዞግሊ የወጣው ሁለት ነገር ፈልጎ ነበር። አንደኛው ወርቅ ሲሆን ሁለተኛው ለውትድርና የሚሆን ባሪያ ነው። ለመሐንዲሶች የሚጥመው የታሪኩ ክፍል እዚህ ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ አገር በዘመናዊ ዘዴ ከጻፉት ቀደምት ሰዎች መካከል ሁለቱ የማዕድን መሐንዲሶች ነበሩና። ኦስትርያዊው ዮሴፍ ሩሴገር በ1830ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ.፣ ሩሲያዊው የጎር ኮቫሌቭስኪ ደግሞ ከዐሥር ዓመታት ያህል በኋላ፣ በመሐመድ ዓሊ ጥያቄ ወርቅ ወዳለበት አገር ወጡ። መሐመድ ዓሊ ራሱ በስተርጅናው በ1838 እ.ኤ.አ. ማለቂያ እስከ ፋዞግሊ ተጉዟል። የወርቁ ነገር እንደታሰበው አልሆነም። የተላኩበት ዋናው ጥያቄ ከአሸዋው ስንት ወርቅ ይታጠባል የሚል ነበር፤ አጣቢው ማን እንደሆነና ወርቁን ከማን ጋር እንደሚለውጥ መጠየቅ የአሠሪው ጉዳይ አልነበረም። ይህ ዓይነቱ አጠያየቅ ከእነርሱ ጋር አልቀረም። ሥራን የሚያዝዝ ክፍል የጥያቄውን ወሰን ያበጃል፤ መሐንዲሱም በዚያ ወሰን ውስጥ በትክክል ከመለሰ ሥራውን እንደፈጸመ ይቆጥራል።

አጣቢው ማን ነው የሚለውን ጥያቄ በሚገባ ያነሣው መጽሐፍ የታተመው በ1981 እ.ኤ.አ. በናፖሊ ነው። ጣሊያናዊው የታሪክ ምሁር አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ «ጨው፣ ወርቅና ሕጋዊነት» ብለው የሰየሙት ይህ መጽሐፍ የቤላ ሻንጉልንና የወለጋን የ19ኛ መቶ ዓመት ታሪክ ይተርካል። ምሁሩ በቤተ መዛግብት ያገኙትን ከመንገደኞች ጽሑፍና ከሽማግሌዎች አፍ ከሰበሰቡት ጋር አነጻጽረዋል። የመጽሐፉ ንዑስ ርእስ አገሩን «ባለቤት አልባ ምድር» ይለዋል። አነጋገሩ ግን የምፀት ያህል ነው፤ መጽሐፉን አንብቦ የጨረሰ ሰው ባለቤት አልባ የተባለው ምድር ባለቤቱ የበዛበት እንደነበረ ይረዳል።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነበር። ከደጋ አሞሌ ጨው፣ ማርና ቡና ይወርዳል። ከሱዳን በኩል ጀላባ የሚባሉት ነጋዴዎች ጨርቅና ዶቃ ይዘው ይመጣሉ። በመካከል የበርታ ሕዝብ ወርቅ ያጥባል። እነዚህ ሦስቱ የሚገናኙበት እንደ ፈዳሲ ያለ ገበያ ለሁሉም አስፈላጊ ስለነበረ፣ ገበያውን የያዘ ሰው ከደጋም ከቆላም ተፈላጊ ይሆናል። ጀላባዎቹ የበርታ ባላባቶችን ሴቶች ልጆች እያገቡ በአገሩ ተቀመጡ፤ ከዚህ ጋብቻ የተወለዱትም በእናታቸው በኩል መሬትን፣ በአባታቸው በኩል ንግድንና እስልምናን ወርሰው ገዦች ሆኑ። ወታዊት ይባላሉ። ቃሉ በዐረብኛ የሌሊት ወፎች ማለት ነው፤ ከወፍም ከአይጥም ያልተመደበውን ፍጡር ያስታውሳል። ስሙን ያወጣው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ ድንበር አገር ከተጻፈው ብዙ ገጽ ይልቅ ይህ አንድ ቃል ይናገራል።

ሆላንዳዊው መንገደኛ ኋን ማሪያ ሹቨር በ1881 እ.ኤ.አ. እስከ ፈዳሲ ደርሶ በዚያ ተቀምጦ ነበር። ጽሑፎቹ ተሰብስበው በዌንዲ ጄምስና በባልደረቦቿ አዘጋጅነት በ1996 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ታትመዋል። ሹቨር ወርቅ እንዲቆጥር የላከው መንግሥት ስላልነበረ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ከሌላው ይልቅ የእርሱ ማስታወሻ ለታሪክ ጸሐፊዎች የጠቀመበት አንዱ ምክንያትም ይህ ሳይሆን አይቀርም።

የተለመደው ታሪክ ቤኒ ሻንጉልን በ1890 ዓ.ም. ይጀምረዋል። በዚያ ዓመት ራስ መኰንን ሠራዊት እየመሩ ወርደው፣ የነቀምቴው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔርም ተሳትፈውበት፣ አገሩን ለዳግማዊ ምኒልክ አስገቡ። ይህ እውነት ነው። የትሪዩልዚ መጽሐፍ የሚጨምረው ሠራዊቱ ሲወርድ ማን እንደጠበቀው ነው። በዚያ የነበሩት ዓብዱራህማን ሖጀሌ፣ ቱር አል ጉሪና ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን አስቀድመው ከግብፆች ጋር፣ ከዚያም ከማሕዲስቶች ጋር ሲዋዋሉና ሲጣሉ፣ እርስ በርሳቸውም ሲፎካከሩ የቆዩ ገዦች ነበሩ። ከተሸነፉት አንዱ ሼህ ሆጀሌ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ታሰሩ፤ በኋላ ተፈትተው ወደ አሶሳ ተመለሱና ወርቅ እየገበሩ በአካባቢው ተወዳዳሪ የሌላቸው ገዥ ሆኑ። በስማቸው የሚጠራው አሮጌ መኖሪያ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል። ድል የተደረገ ሰው ከድል አድራጊው ቤት ኃይል ይዞ የተመለሰበት ይህ ታሪክ፣ «አቀኑ» በሚለው አንድ ግስም «ወረሩ» በሚለው አንድ ግስም አይጠቃለልም።

ጉባ ከዓባይ በስተሰሜን ስለምትገኝ መንገዷ ሌላ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ መንግሥት የምትገብረው በጎጃም በኩል ሲሆን፣ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ሥር እስክትተዳደር ድረስ ስትቆጠር የኖረችውም በጎጃም ክፍለ ሀገር በመተከል አውራጃ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐሥርታት የገዟት ሐምዳን አቡ ሾክ ነበሩ። ከሥራቸው የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው ጉሙዝ ነው። ስለ እርሳቸውና ስለ ሼህ ሆጀሌ ዘመን ብዙ የሚያስተምረው ጽሑፍ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር አብዱስሰመድ አሕመድ በ1999 እ.ኤ.አ. በአፍሪካ ታሪክ መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነው። ጉዳዩ የባሪያ ንግድ ነው፤ ዘመኑ ከ1897 እስከ 1938 እ.ኤ.አ. ነው።

ይህን ጥናት ማንበብ ለማንም አይመችም። የተለመደው አንዱ ትረካ የባሪያ ንግድ የዐረብ ነጋዴዎች ሥራ ነበር ይላል። ሌላው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የተለመደው ትረካ፣ ጥፋቱን ሁሉ በደጋው መንግሥት ላይ ይጥላል። ጥናቱ ለሁለቱም አይመችም። ማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢውን ገዦች በሥልጣናቸው ላይ ትቶ ግብር ይጠይቃቸው ነበር፤ ግብሩም ወርቅና ሰው ነው። ገዦቹ ደግሞ የሚጠየቁትን ለመክፈልና ለራሳቸውም ለማትረፍ ከሥራቸው ባለውና በአጎራባቹ ሕዝብ ላይ፣ በጉሙዙም በሌላውም ላይ ወጡ። የተገዛው ገዥ ሌላውን ገዛ። የሼህ ሆጀሌ ባለቤት ሲት አምና በሱዳን በኩል ተቀምጠው በዚሁ ንግድ ይሠሩ ስለነበር በ1928 እ.ኤ.አ. በእንግሊዞች ተይዘዋል። ይህ ሲሆን ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ከሆነች አምስት ዓመት አልፏል፤ በ1916 ዓ.ም. ማኅበሩን ስትቀላቀል ዋነኛው ክርክር የባርነት ጉዳይ ነበር፤ በዚያው ዓመትም ባሮችን ነፃ ስለማውጣት ሕግ ታውጆ ነበር። የባርነትን ሕጋዊነት ጨርሶ ያስቀረው አዋጅ የወጣው ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በአዋጅና በቆላው መንደር መካከል ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር መለካት አይቻልም።

አንድ የጉሙዝ ሽማግሌ ይህን ታሪክ ከጥናት ወረቀት አልተማረውም። ደገኛው «ሻንቅላ» እያለ የሚጠራው ቃል የዘር ስም እንዳልነበረና ከቀለምና ከባርነት ጋር የተጣበቀ ስድብ እንደነበረ ለእርሱ የሚነግረው አያስፈልግም። ሪቻርድ ፓንክረስት ይህ ስም ለተለጠፈባቸው ሕዝቦች በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ታሪካቸውን ከዜና መዋዕልና ከመንገደኞች መጻሕፍት ለቅመው አንድ ላይ አኑረዋል። ታደሰ ታምራት ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ስለ ጎጃምና ስለ ወለጋ ጉሙዞች ሲጽፉ፣ ይህ ሕዝብና የደጋ ጎረቤቶቹ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገፋፉም ሲገበያዩም እንደኖሩ አሳይተዋል። ጉሙዙ በቆላው ጫፍ የተገኘው ከጥንት ጀምሮ እዚያ ስለተወሰነ ብቻ አይደለም፤ ከላይ የሚመጣው ግፊት ድርሻ ነበረው። የዶክተር ታደሰ ጽሑፍ አጭር ቢሆንም፣ ስለ ቆላ ሕዝብ «ያልተንቀሳቀሰ» እየተባለ የሚነገረውን የሚያፈርሰው በቀስታና ያለ ጩኸት ስለሆነ ከረዣዥሞቹ ይልቅ ያሳምናል።

ስለ ድንበሩ የሚነገረውም እንደዚሁ መመርመር ይገባዋል። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ሐሪንግተን በፈረሙት ውል ድንበሩ ተወሰነ። በሦስተኛው አንቀጽም ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃው ወደ ዓባይ እንዳይወርድ የሚያግድ ሥራ እንደማይሠሩ ተጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት የእንግሊዙ ሻለቃ ጉዊን መስመሩን በምድር ላይ አመለከተ። በ2013 ዓ.ም. የግድቡ ክርክር በጋለበት ጊዜ ከካርቱም በኩል፣ ኢትዮጵያ ይህን ውል የማትቀበል ከሆነ በቤኒሻንጉል ላይ ያላት ባለቤትነትም ጥያቄ ላይ ይወድቃል የሚል መግለጫ ወጣ። በሌላ አነጋገር አገሩ ለውኃው ቃል ኪዳን የተከፈለ ዋጋ ነው እንደማለት ነው። እዚህ ላይ የዓመታቱን ቅደም ተከተል መመልከት ብቻ ብዙ ይረዳል። ራስ መኰንን የዘመቱት በ1890 ዓ.ም. ነው፤ ውሉ የተፈረመው በ1894 ዓ.ም. ነው። ውሉ ያገኘው አስቀድሞ ተይዞ የቆየን አገር ነው። የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴ የ1976 እ.ኤ.አ. የዶክትሬት ጥናት ከ1898 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የነበረውን የምዕራብ ጠረፍ ግንኙነት ስለሚከታተል፣ መስመሩ ከተሰመረ በኋላ እንኳ ነጋዴው፣ ሸሽቶ የሚያመልጠው ባሪያና ግብር የሚሸሸው ገበሬ እንዴት ይሻገሩት እንደነበር ያሳያል።

ሆኖም ያው የዓመታት ቅደም ተከተል በእኛም ወገን የተለመደውን አነጋገር ይነካል። አገሩ ከጥንት ጀምሮ ያለ ማቋረጥ የደጋው መንግሥት ግዛት ነበር የሚል ሰው፣ ከ1821 እስከ 1898 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት የበርታ ገዦች ለማን ይገብሩ እንደነበር ሲጠየቅ መልስ ያጣል። ጎረቤት ላይ የሚፈርድ ማስረጃ ሆኖ የተወደደው መጽሐፍ ወደ ራስ ሲዞር ተዘግቶ መቀመጥ የለበትም።

አዲሶቹ መጻሕፍትም ሁሉ የሚታመኑ ናቸው ማለት አይደለም። ዶናልድ ዶንሃምና ዌንዲ ጄምስ በ1986 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት የደቡብ ጠረፎች መጽሐፍ ታሪኩን ከመካከል ሳይሆን ከዳር ተነሥቶ ማየትን አስለምዷል፤ በዚያ ውስጥ ስለ ጉሙዝ የመለዋወጥ ጋብቻ የተጻፈው ምዕራፍ ደጋግሞ ሊነበብ የሚገባው ነው። ስፔናዊው የአርኪዮሎጂ ምሁር አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባል በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ግን የጉሙዝንና የጎረቤቶቹን ኑሮ በአብዛኛው በአንድ ቁልፍ ሊከፍቱት ይሞክራሉ። ቁልፉ ተቃውሞ ነው። የቤቱ አሠራር፣ የሸክላው ቀላልነት፣ የቀስቱ መኖር ሁሉ ከመንግሥት ለመራቅ የተመረጠ ነው ይላሉ። የቁሳቁሱ ዝርዝር እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ማንም መሐንዲስ የጎጆ አሠራርን እንዲህ በጥንቃቄ የተመዘገበ አያገኝም። ነገር ግን በባሪያ አዳኝ ሲባረር የኖረ ሰው በእጁ የቀረው ጥቂት ዕቃ በሙሉ በምርጫ የቀረ ነው ማለት፣ የተዘረፈን ሰው ንብረት መናቁ ነው ብሎ እንደማመስገን ይሆናል። ከአንድ የተለመደ ትረካ ወጥቶ ወደ ሌላ ምቹ ትረካ መግባት ብዙ ርቀት አያስኬድም።

ሃይድሮሎጂ የሚያውቁ አንባቢዎች እንዲህ ያለውን ነገር በሥራቸው ያውቁታል። በወንዝ ዳር የቆመ መለኪያ የሚያሳየው የውኃውን ከፍታ ነው፤ በሴኮንድ የሚያልፈውን መጠን አያሳይም። ከፍታውን ወደ መጠን የሚለውጠው ስሌት የተሠራው በአንድ ወቅት በነበረው የወንዝ አልጋ ላይ ነው። አልጋው ሲሸረሸር ወይም በደለል ሲሞላ መለኪያው በትክክል እያነበበ መጠኑ ይሳሳታል። ሁለት ጣቢያዎች ያልተስማሙ እንደሆነ ደህና ባለሙያ ደስ ያለውን መርጦ ሌላውን አይጥልም፤ ወርዶ አልጋውን ያያል።

የጉባና የመተከል ጉዳይ ለሙያው ሰዎች ከመጽሐፍ ወደ ሥራ የሚሻገርበት ሥፍራም ይኸው ነው። የጉሙዝ ገበሬ በመቆፈሪያ ያርሳል፤ አንድን መሬት ጥቂት ዓመት ዘርቶ ይለቀዋል፤ መሬቱ ብዙ ዓመት አርፎ ቁጥቋጦ ካበቀለ በኋላ ይመለስበታል። ይህን አገር ከአየር ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ ዱር አድርጎ ያሳየዋል። ካርታ ሠሪው ዱር ብሎ ይጽፋል፤ ከካርታው ላይ የሚያቅደው ሰው ባዶ መሬት ብሎ ያነባል። ፎቶግራፉ አልዋሸም፤ ካርታ ሠሪውም አልዋሸም። የሰው እርሻ ግን በመካከላቸው ጠፋ።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ስሕተት አይደለም። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ የዚያን ጊዜው መንግሥት ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ከደጋ አውርዶ በበለስ ሸለቆ በፓዌ ሲያሰፍር፣ በዕቅዱ ላይ ሸለቆው ሰፊና ሰው የሌለበት ለም መሬት ነበር። በጣሊያን መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ሲጀመር መንገድ ተሠራ፣ ትራክተር ገባ፣ ሆስፒታል ቆመ። ሠፋሪው ያለ ፈቃዱ የመጣ ነበር፤ በወባ ብዙ ሰው አለቀ። ጉሙዙም ያረፈ እርሻው በትራክተር ሲገለበጥ አየ። ደሳለኝ ራሕማቶና ገብረ ይንቲሶ ይህን በሰፊው ጽፈውበታል፤ ወልደ ሥላሴ አቡቴም በ2004 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የጉሙዝንና የሠፋሪውን ኑሮ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። በወልደ ሥላሴ መጽሐፍ ሁለቱ ወገኖች ከመጋጨታቸውም ሌላ በገበያ ሲገናኙና አንዱ ከሌላው ሲማር ይታያሉ። ከጊዜ በኋላ በመተከል የደረሰው ደም መፋሰስ፣ በተለይም በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የጠፋው ሕይወት፣ ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ይህ ብቻ ነው ምክንያቱ ለማለትም እንዲሁ።

ግድቡ ሲሠራ ውኃው ከሚተኛበት ሸለቆ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ጉሙዞች፣ ከመንደራቸው ተነሥተው በሌላ ሥፍራ እንዲሠፍሩ ተደርጓል። እነዚህ ሰዎች በወንዙ ዳር ያጠምዱ ነበር፤ ወርቅ ያጥቡ ነበር፤ ውኃው ሲጎድል በሚተወው እርጥብ መሬት ላይ ይዘሩ ነበር። ለተነሡት ቤትና መሬት ይሰጣል፤ ይህ በሥራ ተቋራጩ ሰነድ ላይ የሚጻፍ፣ የሚቆጠርና የሚፈረምበት ነው። የትኛው ጉብታ የማን አያት ከሐምዳን ሰዎች የተደበቀበት እንደሆነ፣ የትኛው መሻገሪያ ወደ ሱዳን የማምለጫ መንገድ እንደነበር ግን በየትኛውም ሰነድ ላይ ዓምድ የለውም። ጉብታውና መሻገሪያው ከውኃ በታች ከሆኑ በኋላ እነዚህን ነገሮች የሚያውቁት በማንኩሽና በአዲሶቹ መንደሮች የተቀመጡት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ከላይ የተጠቀሱት መጻሕፍት አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው። ከእነርሱ ብዙዎቹን የሚፈልግ ሰው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ቢጠይቅ ይበጀዋል። የትሪዩልዚን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ካርታ አጠገቡ ቢያስቀምጥ መልካም ነው፤ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ስሞች ዛሬ በአፋችን ከለመድናቸው ይለያሉ። ግድቡ ራሱ ከ1956 ዓ.ም. ወዲህ ቦርደር፣ ፕሮጀክት ኤክስ፣ ሚሌኒየም፣ በመጨረሻም ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተብሏል፤ ሐይቁም ንጋት ተብሏል። የሐይቁን ካርታ የሚሠራው የቅየሳ ክፍል በውኃው ውስጥ የቀሩትን ኮረብታዎችና የወንዝ መሻገሪያዎች በጉሙዝኛ ስማቸው ለመመዝገብ ቢፈልግ፣ የሚጠይቃቸው ሰዎች ገና በሕይወት አሉ።